ኑዛዜው ሲነበብ «ሃዬ» ያለው

እኔ በጅንም ሆነ በመንፈስ የማላምን ሰው ነኝ፣ ይህን የምላችሁ ደፋር ለመባል አይደለም፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሞቱ ሰዎችን ወረቀት ሳገላብጥ ስለኖርኩ ነው፣ ከሙታን መካከል የሚናገረው ያለው ቢኖር ሌላ ቦታ ምን አስኬደው፣ እኔ ጋ ይመጣ ነበር፣ አንድም ቀን የመጣ የለም። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ «በሩ ተቆልፎ እያለ ውስጥ ወረቀት ሲገለበጥ ሰማሁ» ሲለኝ «አይጥ ነው፣ ድመት ፈልግ» ብዬ ያሾፍኩበት ሰው ነኝ። ዛሬ ያንን ዘበኛ ባገኘው እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ተሾመ በሉኝ። ጅግጅጋ ተወልጄ ጅግጅጋ ያረጀሁ ነኝ፣ አባቴ ከሸዋ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ሶማሊኛዬ የገበያ ነው፣ እገዛበታለሁ፣ እጣላበታለሁ፣ እታረቅበታለሁ፣ ከዚያ በላይ አልሞክርም። ጡረታ ስወጣ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ኮፒ ማሽን አስገባሁ፣ ማመልከቻና ውል እጽፋለሁ፣ ሰው የሚፈልገኝ ግን ለዚህ አይደለም፣ አሮጌ የእጅ ጽሑፍ ስለማነብ ነው። የዛሬ ልጆች በጃንሆይ ጊዜ የተጻፈ ኑዛዜ ስታሳዩአቸው የሐኪም ማዘዣ ነው የሚመስላቸው፣ እኔ ግን ጸሐፊውን ከእጁ አውቀዋለሁ፣ ማን ብዕሩን እንደሚጫን፣ ማን ቀለም እንደሚቆጥብ፣ ማን ሲቸኩል እንደሚያዘነብል። ዘዴዬ ደግሞ አንድ ነው፣ ጮክ ብዬ ማንበብ። ቃሉ አልለይ ሲለኝ ከመጀመሪያው ተነሥቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ ምላሴ ራሷ ትቀጥለዋለች። ባለቤቴ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር፣ አሁን አትስቅም።

ኮሮናው ጋብ ካለ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት ሂቦ የምትባል አስተማሪ መጣች፣ አርባ የሚሆናት፣ አማርኛዋ ጥርት ያለ።

«አዴር፣ አሮጌ አማርኛ ታነባለህ አሉኝ።»

አዴር አጎቴ እንደማለት ነው፣ ሶማሊኛ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር ስለሌለ «አንተ» ብትለኝም አዴር ካለችኝ አክብራኛለች። ከቦርሳዋ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ወረቀት አወጣች። ባላምባራስ ይመኑ የሚባሉ የድሮ ነጋዴ ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ ሲፈርስ ከጣሪያው ሥር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተገኘ ነው፣ ያገኘው ሰው የከተማውን ሐሜት ስለሚያውቅ ለሷ ሰጣት። ሐሜቱ፣ የሂቦ አባት የባላምባራሱ ልጅ ነው የሚል ነው፣ ኸድራ ከምትባል ሶማሌ ሴት የተወለደ።

«አባቴ ሐርተሼክ ነው ያለው፣ ታሟል። ቤት አንፈልግም፣ መሬት አንፈልግም አዴር፣ ስም ብቻ ነው የምንፈልገው። ባላምባራሱ ‹ልጄ› ብሎት ከሆነ ሳይሞት ይስማ።»

ይህ ነገር ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። እዚህ አገር የአምስት ዓመት ልጅ አቁማችሁ «ማን ነህ?» ብትሉት የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እያለ እስከ አሥራ አምስትና ሃያ ሳይተነፍስ ይደረድርላችኋል፣ አብቲርሲ ይሉታል፣ የሌለው ሰው ከየት እንደበቀለ አይታወቅም። የሂቦ አባት ዩሱፍ በእናቱ ወንድም ቤት ያደገ ነው፣ «ዩሱፍ» ካለ በኋላ የሚቀጥለው ስም የለውም። ልጅ ሳለ ጓደኞቹ ተሰልፈው ሲደረድሩ ተራው ሊደርስ ሲል «ፍየል ጠፋችብኝ» ብሎ ይነሣ ነበር አለችኝ። ያቺን ፍየል ስሰማ ወረቀቱን ከእጇ ተቀበልኩ።

ወረቀቱ አንድ ነው፣ ፊትና ጀርባው ተጽፎበታል። ፊቱ ደህና ነው፣ ጀርባውን ግን ዝናብ ነክቶት ቀለሙ ተጠራርጎ ቡናማ ካርታ መስሏል። ሂቦ ከሄደች በኋላ መነጽሬን ጠርጌ ፊቱን አነበብኩ፣ «እኔ ባላምባራስ ይመኑ ቸርነት አእምሮዬ ሳይታወክ፣ ማንም ሳያስገድደኝ» እያለ ይወርድና እግርጌው ላይ፣ ገጹ ሊያልቅ ሲል፣ «ከኸድራ የተወለደው ዩሱፍ የሚባለው ልጅ» ይላል። ስልኬን አነሣሁ።

«ሂቦ፣ ስሙ አለ!»

አይ የኔ ነገር! መዝገብ ቤት ሳለሁ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «ወረቀቱን ሳትገለብጡ አፋችሁን አትክፈቱ» እያልኩ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። የሰው ስም ኑዛዜ ውስጥ የሚገባው ሊሰጠው ብቻ አይደለም፣ ሊነቀልም ይገባል፣ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ ጅግጅጋ ውስጥ የለም። እሷ ግን ስልኩ ውስጥ አለቀሰች፣ እኔም ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሬ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አልኩ። ማታውኑ ደወለች፣ አባቷ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ኑዛዜው ይነበብ ብለዋል፣ ፍየል ይታረዳል፣ ከሀርሺን ሳይቀር ሰው ይመጣል፣ አንባቢው ደግሞ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጀርባውን ላነብ ተቀመጥኩ። የእኛን ከተማ ከሰዓት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የሚቅመው ለመቃም ተቀምጧል፣ የማይቅመው ተኝቷል፣ ሱቁ ዝግ ነው፣ ንፋሱ ብቻ አቧራውን ይዞ ይዞራል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ኮፒ ማሽኑም ድምፅ የለውም። በሩን በርግጄ ከፍቼዋለሁ፣ ፀሐይ እስከ ጠረጴዛዬ ገብታለች፣ ጨለማ ነበር እንዳትሉኝ። የስልኬን መብራት ከወረቀቱ ጎን አስተኝቼ አበራሁ፣ እንዲህ ሲደረግ ቀለሙ ቢጠፋም ብዕሩ የቦረቦረው ጭረት ጥላ ይጥላል።

መጀመሪያ የሰማሁት የሙስበሃ፣ የሙስሊም መቁጠሪያ፣ ድምፅ ነው፣ ጠጠሩ አንድ ባንድ ሲወርድ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን እሱ በዚህ ሰዓት ኖሮ እንደማያውቅ ትዝ አለኝና ወጥቼ አየሁ፣ ሱቁ ላይ ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሏል። ተመለስኩ። ጠቅ፣ ጠቅ።

«ቆርቆሮ ነው፣ ንፋስ ነው» አልኩና ከጀርባው መካከል ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ፣ የላይኞቹ መስመሮች በጣም ስለጠፉ ለመጨረሻ ትቻቸው ነው። «የምኖርበት ቤቴ ለባለቤቴ ለወይዘሮ አስካለ ይሁን» ብዬ አንድ ቦታ ላይ ሳርፍ፣ ከፊቴ፣ ባለጉዳይ ከሚቀመጥበት ከፕላስቲኩ ወንበር በኩል፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና «ሃዬ» አለ።

ሃዬ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሶማሌ ሽማግሌ ቁም ነገር ሲናገር አጠገቡ ያለ ሰው በየመሃሉ «ሃዬ» ይለዋል፣ ሰምቻለሁ፣ ቀጥል እንደማለት ነው፣ ካላለው ተናጋሪው አይሰማኝም ብሎ ያቆማል። ስለዚህ ድምፁ አላስደነገጠኝም፣ ቀና ሳልል «ግቡ፣ አንድ ጊዜ ልጨርስ» አልኩ። መልስ ሳጣ ቀና አልኩ። ወንበሩ ባዶ ነው።

እመኑኝ፣ ያን ጊዜም አላመንኩም። ጆሮዬ ነው፣ ደም ግፊቴ ነው አልኩ። «በቅሎዬ ለአጎቴ ልጅ ለደስታ ይሰጥ» ብዬ ቀጠልኩ፣ ዝም። ደስ አለኝ፣ አለፈልኝ አልኩ። መብራቱን ጠጋ ሳደርገው ግን አጎቴ ያልኩት አክስቴ ኖሯል፣ አስተካክዬ «ለአክስቴ ልጅ ለደስታ» ስል ጉሮሮው ተጠረገ፣ «ሃዬ»። የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ የፊት ጥርስ የሌለው ሰው እንደሚለው መጨረሻው ላይ ትንሽ ፉጨት አለበት።  ሆን ብዬ «በቅሎዬ» የሚለውን «ግመሌ» ብዬ አነበብኩት፣ ዝም፣ ሙስበሃውም ቆመ። «በቅሎዬ» አልኩ። «ሃዬ»፣ ጠቅ።

ተነሥተህ ለምን አልወጣህም ትሉኝ ይሆናል። ልነሣ ነበር፣ እግሬ ሁሉ ተነሥቶ ነበር፣ ግን ዓርብ አለ፣ ፍየሉ አለ፣ ከሀርሺን የሚመጣው ሰው አለ፣ ጀርባው አናት ላይ የተውኳቸውን ሁለት መስመሮች ሳላውቅ ወዴት እሄዳለሁ! እውነቱን ለመናገር ደግሞ ልክ መሆንና አለመሆኔን የሚነግረኝ አገኘሁ ብዬ ትንሽ ጓጉቻለሁ። ወረቀቱን ገለበጥኩና ከፊቱ እግርጌ ጀመርኩ።

«ከኸድራ የተወለደው ዩሱፍ የሚባለው ልጅ።»

«ሃዬ።»

መለስ አድርጌ ገለበጥኩት። «ልጄ ነው» አልኩ። ዝም። «ከልጆቼ እኩል ይካፈል» አልኩ። ዝም። «እናቱ ታሳድገው፣ ስሜን ግን ይያዝ» አልኩ፣ ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ ወረቀቱን እያየሁ አልነበረም፣ እየለመንኩ ነበር። ዝም። መብራቱን ወረቀቱ ላይ አስተኛሁት፣ እዚያ ቦታ ላይ ጸሐፊው ብዕሩን ከመጫኑ የተነሣ ወረቀቱ ተበስቷል፣ ጭረቱ ቀስ እያለ ወጣልኝ። ላነበው አልፈለግሁም፣ ግን ዓይኔ ያያትን አፌ ያወጣል፣ የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው።

«ሰው የይመኑ ነው ቢለውም የእኔ ልጅ አይደለም፣ ስሜም ከስሙ በኋላ እንዳይጠራ።»

 ከዚያ ጉሮሮው ተጠረገ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመ ሰው፣ «ሃዬ» አለ። የፕላስቲኩ ወንበር ሰው ሲነሣለት እንደሚያደርገው ሲጥ አለ። እኔ መነጽሬንም በሩንም ትቼ ጎዳናው ላይ ነኝ።

ወረቀቱን ያመጣሁት በማግስቱ ባለቤቴን አስከትዬ ነው። እውነቱን ለሂቦ ልነግራት ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሁለቴ ሳይነሣ ቀረ፣ በሦስተኛው አነሣችና አፌን ሳልከፍት «አዴር! አባቴ ስንት ጊዜ ተኝቶ ዛሬ ቀና አለ፣ ፂሙን ሂና ቀቡኝ ብሎ ተቀባ!» አለችኝ። «ደግ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ዓርብ ከሂቦ ጋር በሚኒባስ ወደ ሐርተሼክ ሄድን። ወረቀቱ ደረቴ ላይ እንደ ፍም ያቃጥለኛል። እሷ ደስታ ላይ ስለሆነች ዝም አትልም፣ አባቷ አማርኛ «ና» እና «ሂድ» ከሚለው በላይ እንደማያውቁ፣ እኔ በአማርኛ ሳነብ እሷ ቁጭ ብላ ወደ ሶማሊኛ እንደምትመልስ ነገረችኝ። ከዚያ እየሳቀች፣

«ማክሰኞ ግን አስደንግጦን ነበር፣ ትኩሳት ይዞት ከሰዓቱን ሙሉ ወደ ግድግዳው ዞሮ ‹ሃዬ፣ ሃዬ› ሲል ዋለ፣ ማን እንደሚያወራው እንጃ» አለችኝ።

የሚኒባሱን መስኮት ከፈትኩት። አቧራ ገባ፣ ሰው ተቆጣኝ፣ መልሼ ዘጋሁት።

ቤቱ ደጅ ድረስ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፣ ልጆች በር ላይ ተደራርበዋል። ኦዳይ ዩሱፍ ትራስ ተደግፈው፣ ፂማቸው በሂና ቀልቶ፣ ነጭ ለብሰው መሃል ላይ አሉ፣ ኦዳይ የሚባለው የተከበረ ሽማግሌ ነው። ቀጭን እጃቸው ላይ ሙስበሃ አለ። ሰላም አልኳቸው፣ ፈገግ ሲሉ የፊት ጥርስ የላቸውም። ሳይጠቁሙኝ ተቀመጥኩ።

ማንበብ ጀመርኩ። «እኔ ባላምባራስ ይመኑ ቸርነት አእምሮዬ ሳይታወክ» አልኩና አረፍኩ፣ ሂቦ ልትተረጉም አፏን ስትከፍት እሳቸው ቀደሟት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ሃዬ»። ያው ድምፅ ነው። ያቺው ፉጨት ናት። ሂቦ «ገና ሳልተረጉምለት!» ብላ ሳቀች፣ ሰዉም ሳቀ፣ እኔ ፊደሉ ይደበላለቅብኝ ጀመር። እያንዳንዱን ነገር አነበብኩ፣ እያንዳንዱን ከትርጉሙ በፊት «ሃዬ» አሉ፣ ጠጠሯ ጠቅ አለች። የገጹ እግርጌ ደረስኩ። «ከኸድራ የተወለደው ዩሱፍ የሚባለው ልጅ።» «ሃዬ።» ወረቀቱን ገለበጥኩ።

«የአብራኬ ክፋይ ነው፣ ስሜም ከስሙ በኋላ ይጠራ» አልኩ።

የዋሸሁት አዝኜላቸው ነው።

ሂቦ ስትተረጉመው ቤቱ ተናጋ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያሉ ተቃቀፉ። የልጅ ልጆቻቸውን በተርታ አቁመው አስደረደሯቸው፣ አንዱ ትንሽ ልጅ ደረቱን ነፍቶ ከራሱ ጀመረና አባቱን ጠርቶ፣ «ዩሱፍ፣ ይመኑ፣ ቸርነት!» ብሎ ሲጨርስ አጨበጨቡለት፣ ሌላው ተከተለ፣ ሌላው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ምንም ያላሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሙስበሃው ቆሟል። ልጆቹን አንድ ባንድ አዩአቸው፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ሊሰናበቱኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። በቀስታ በሶማሊኛ፣ እኔ እንኳ በምረዳው ቀላል ሶማሊኛ፣

«ደህና አንባቢ ነህ» አሉኝ። «ማክሰኞ ግን ከዛሬ የተሻለ አንብበህ ነበር።»

እጄን ቶሎ አልለቀቁኝም። የተቆጡ አይመስሉም፣ ያመሰገኑኝም አይመስሉም። ሥጋው ሲቀርብ አንድ ቁራሽ አልወረደልኝም፣ መኪና ያመልጠኛል ብዬ ወጣሁ፣ ለመኪናው ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር።

ወር ሳይሞላ ሞቱ። ሂቦ ስትነግረኝ «ስሙን አግኝቶ ሞተ አዴር፣ አላህ ይስጥህ» አለችኝ፣ አሜን ማለት አቃተኝ። ወረቀቱን በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፣ ፊቱን ወደ ውጭ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳ። ልጆቹ እስከ ዛሬ የይመኑን ስም ይጠራሉ። አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ነገር ያስጨንቀኛል፣ ያ ብዕር ወረቀቱን እስኪበሳ የተጫነው ለምንድን ነው፣ ባላምባራሱ እውነታቸውን ነበር ወይስ ወይዘሮ አስካለ አጠገባቸው ቆመው ነበር? ማክሰኞ ዕለት «ሃዬ» የተባልኩት እውነት ነው ተብዬ ነው ወይስ እንዲህ ነው የተጻፈው ተብዬ? የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ከዚያ ወዲህ የሰው ኑዛዜ አላነብም፣ ሰው ሲመጣ ዓይኔ ደክሟል እላለሁ። ይህን ግን ሳልጽፈው እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ሳውቅ ጻፍኩት፣ ስማቸውን ቀይሬ። ትናንት ከሰዓት ጨረስኩና ስህተት ካለው ላርም ብዬ፣ ልማድ ነው፣ እስከዚህች ድረስ ያለውን ከመጀመሪያው ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ በሩን ከፍቼ፣ በፀሐይ። ዘበኛው ጋ ስደርስ ሰማሁት። ጉሮሮ ተጠረገ፣ «ሃዬ»። ፍየሏ ጋ «ሃዬ»። ስልኩ ጋ፣ ሂናው ጋ፣ «ሃዬ»። እንባዬ እየወረደ አነበብኩት፣ መቆም ፈራሁ። «የዋሸሁት አዝኜላቸው ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ዝም አለ።

ደገምኩት። ዝም። ሦስተኛ ደገምኩት፣ ንፋሱ እንኳ ቆመ። ስልክ የደወልኩት እኔ ነበርኩ፣ ስሙ አለ ብዬ የተኩራራሁት እኔ ነበርኩ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ተሳስቼ ነበር ማለት የማልችለው እኔ ነበርኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወደ ባዶው ወንበር እያየሁ፣ በማይሰማ ድምፅ፣ «አፍሬ ነው» አልኩ።

ጉሮሮውን ጠረገ።